አንዲት «ታ»

ማርች 2፣ ሰኞ

የኬሚስትሪ ፈተና ነበር። አርባ ጥያቄ... ሠላሳውን የመለስኩ ይመስለኛል። የቀረውን ገመትኩ። ምሳ ላይ ጓደኛዬ ጫላ ፒዛውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ገፋ አደረገልኝ። ጾም ነው አልኩት። «አንተ? ከመቼ ጀምሮ?» አለ። ከዘንድሮ ጀምሮ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ይቀልድብኝ ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱንም ግማሽ በላው።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የትምህርት ቤታችን አማካሪ፣ ካውንስለሯ ናት። «ማንም አያነበውም፣ የመጣልህን ጻፍ» ብላኛለች። በአማርኛ ልጽፈው የወሰንኩት ድንገት እጇ ቢገባ እንዳይገባት ብዬ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ነው ትዝ ያለኝ... አማርኛ የሚገባት እማዬ ናት! አዲስ አበባ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ፣ እዚህ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ «አማርኛህን አንብብ» እያለ ወንድሜ ሙሌ ሲጨቀጭቀኝ ኖሮ፣ ምስጢር የምጽፍበት ቋንቋ እንኳ መምረጥ አልቻልኩም። ይሁን። ፍራሹ ሥር ይቀመጣል።

ቤት ስገባ እማዬ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ግሬፕቫይን ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ነው የምትሠራው። ድሮ ስትመጣ የእንግዶቹን ጉድ ታወራልን ነበር። አንዱ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አንሶላ ውስጥ ረስቶ፣ እሷ በናፕኪን ጠቅልላ ባለቤቱን ሎቢ ለሎቢ ስትፈልግ... ይህችን ሙሌ ስንት ጊዜ አስደገማት። አሁን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በላህ?»

«በላሁ።»

አልበላሁም። እሷም እንዳልበላች አውቃለሁ።

ወንድሜ ሙሉዓለም ከሞተ ዛሬ ሠላሳ አራት ቀኑ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። የቤታችንን ጋራዥ አልከፈትኩትም።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

ምንም።

ማርች 5፣ ሐሙስ

ዩኑስ ደወለ። የሙሌ ጓደኛ ነው፤ ፕሌኖ ከተማ ባለ ዳታ ሴንተር ውስጥ አንድ ሺፍት ላይ ነበሩ። ሥራቸው... ትልቅ አዳራሽ ነው፣ ሰርቨር የሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ተደርድሮበታል። የታመመውን ይፈልጋሉ፣ የመመርመሪያ ዲስክ ያስገቡበታል፣ ፈርምዌሩን ያድሳሉ፣ ካልዳነ ዕቃውን አውጥተው ይቀይራሉ። ፈርምዌር ምን እንደሆነ ሙሌን ጠይቄው ነበር። «ዕቃው ውስጥ የተጻፈች ትንሽ ፕሮግራም ናት» አለኝ። «ዕቃው ጠዋት ሲነሣ ማን እንደሆነ የምትነግረው። እሷ ከጠፋች ያው ብረት ነው።»

«ሊዮል፣ የሙሌን ሰርቨር ቅዳሜ መጥቼ ልየው እንዴ?» አለኝ ዩኑስ። «እትዬ ዓለምሸት ለአርባው ፎቶ ፈልገው ነበር። ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው አሉኝ።» እትዬ የሚላት እማዬን ነው።

እውነት ነው። ሙሌ የስድስት ዓመት ፎቶአችንንና ቪዲዮውን በሙሉ ጋራዥ ባለው ሰርቨር ላይ ነው ያስቀመጠው።

«እሺ» አልኩት።

ልጻፈው እንግዲህ። የመጣልህን ጻፍ አይደል ያለችኝ? የሚመጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 25፣ እሑድ። ሙሌ ጋራዥ ውስጥ ሰርቨሩን እየመረመረ ነበር። ከሆነ ቢሮ ሲጣል ያመጣው አሮጌ ማሽን ነው፤ ፋኑ ሲጮህ ሊነሣ ያለ አውሮፕላን ይመስላል። የመመርመሪያው ዲስክ መጀመሪያ እያንዳንዱን ዕቃ ይፈትሻል፣ ከዚያ በየተራ ፈርምዌሩን ያድሳል። ሰዓታት ይፈጃል። መሀል ላይ ከሥራ ተጠራ። «ቁጭ ብለህ ጠብቅልኝ። ሲጨርስ ደውልልኝ» ብሎኝ ወጣ።

እኔ ጫላ ቤት ጨዋታ ነበረኝ። ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበዋል፣ ስልኬ አላረፈም። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አርባ ሦስት ፐርሰንት ላይ ቆመ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ደወልኩለት። አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ የስንት መቶ ሰርቨር ፋን ይጮኻል።

«ሙሌ፣ ቆሟል! ላጥፋው?»

«...ጥፋው!»

«ምን?»

«አ...ጥፋው!»

ተቋረጠ። ገመዱን ነቀልኩት። ጋራዡ ጭጭ አለ። ጃኬቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ሲመሽ መጣ። በር ላይ ጫማውን እያወለቀ፣ «‹አታጥፋው› ስልህ ሰማኸኝ አይደል? በመታደስ ላይ እያለ ከጠፋ እኮ ፈርምዌሩ አለቀለት» አለኝ።

አንዲት «ታ»... በመሀላችን የጠፋችው አንዲት «ታ» ናት።

ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? አህያ ይለኝ ነበር። ማጅራቴን በጥፊ ይለኝ ነበር። በቃ። ግን ፊቱን አየሁና፦

«ሰምቼሃለሁ። አላጠፋሁትም። ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ነው በራሱ የጠፋው።»

አራት ውሸት በአንድ ትንፋሽ። ሳልደናቀፍ።

«በራሱ? ከጨረሰ በኋላ?» አሰበ። ሊያበራው ሞከረ፤ ስክሪኑ ጨለማ። «እንግዲያ ፓወር ሰፕላዩ ነው።» ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ክፍል ማለቱ ነው። አመነኝ። ለምን አያምነኝም?

ዴንተን ከተማ ውስጥ አሮጌ ሰርቨር እየፈታ ዕቃውን የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ማክሰኞ በረዶ ወረደ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ረቡዕም የሙሌ ዕረፍት ነበር። ሄደ። ገዛ። ሲመለስ የሉዊስቪል ሐይቅ ድልድይ ላይ መኪናው ተንሸራተተ።

ፓወር ሰፕላዩ ምንም አልሆነም ነበር።

ጻፍኩት። ይቀልሃል ብላኝ ነበር... አልቀለለኝም።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

ዩኑስ መሣሪያውን በቦርሳ ይዞ መጣ። እማዬ በሩ ላይ አቅፋው ቆየች።

«እንዴት ነህ ልጄ? ሚስትህስ?»

«ስምንተኛ ወሯ ነው፣ እትዬ። ሌሊቱን ሙሉ ሐብሐብ አምጣ ትለኛለች። በማርች ሐብሐብ!»

እማዬ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ አንድ ካርቶን ይዛ ወጣች። ከሙሌ መኪና ውስጥ የተገኘው ነው። አንዱ ጥግ ተጨራምቷል። ሰጠችውና፣ «ይሄ ነበር የጎደለው፤ እሱ ነው የገዛው» አለች። ለካ ልብሷ መካከል አስቀምጣው ኖሯል።

ጋራዥ ገባን። ዩኑስ አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ስቦ አወጣ፣ ሙሌ የገዛውን አስገባ። ቀጭ አለ። ፋኑ ጮኸ። ሁለታችንም ስክሪኑን አየን።

ጨለማ።

«አይደለማ» አለ ዩኑስ። ጭንቅላቱን አከከ። «ሊዮል፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን እየሠራ ነበር?»

«ምንም።»

«ሙሌ እያደሰው እንደነበር ነግሮኛል፤ አፕዴቱ ጨርሶ ነበር?»

«ጨርሶ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይቼዋለሁ።»

አሁንም ሳልደናቀፍ።

«የጠየቅኩህ አትቀየመኝ፤ ልማድ ነው» አለ። «ዕቃ መቀየር መጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ ነው። ታዲያ ደንበኛ ሁሉ ‹ምንም አልነካሁም› ነው የሚልህ። አንዷ ባለፈው ዓመት ምላ ተገዝታ... ሎጉን ስናየው አራት ጊዜ አጥፍታ አብርታዋለች! ሙሌ ስልኩን በእጁ ከድኖ ሳቁን ማቆም አቃተው።» ሎግ ማለት ማሽኑ የደረሰበትን ሁሉ በቀንና በሰዓት የሚመዘግብበት ነው። «የዚህኛውም እዚህች ቺፕ ላይ ተቀምጧል» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። «አንዴ ቢነሣልን ሁሉንም ይነግረናል።»

ቺፗ የጣት ጥፍር ታክላለች።

«በቃ ማዘርቦርዱ ነው ማለት ነው። ሌላ እፈልግለታለሁ» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ትልቁን ቦርድ ማለቱ ነው። ለአርባው የሚሆነውን ፎቶ ከራሱ ስልክ ሰጠን። ሙሌ የዳታ ሴንተሩን ጃኬት ለብሶ አፉን ከፍቶ ይስቃል። እማዬ አጎላችው፣ አሳነሰችው፣ ደግማ አጎላችው።

ማርች 8፣ እሑድ

አርባው። ከጸሎት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሞላ። እኔ ሻይ አሳላፊ ነበርኩ። ዩኑስም መጥቶ ወንበር ሲደረድር ዋለ።

እማዬ ከአየለች ጋር ጥግ ተቀምጣለች። አየለች አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ናት። ሻይ ይዤ ስደርስ እማዬ እንዲህ ትላለች፦

«እኔ ነኝ የላክሁት። ‹በረዶው እስኪቀልጥ ልቆይ እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ እኮ። ‹አሁኑኑ ሂድና ተመለስ፣ ከሰዓት ሥራ ታደርሰኛለህ› አልኩት። በዚህ አፌ።»

«ተይ እንጂ ዓለምሸት! የእግዜር ሥራ ነው።»

«እግዜር አይደለም። እኔ ነኝ።»

ትሪውን ይዤ ቆምኩ። አየለች ቀና ብላ፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አስቀምጠው» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ለሦስት ሰው ነገረቻቸው። «እኔ ነኝ የላክሁት።» የኔን ጥፋት አፏ ውስጥ ይዛ ትዞራለች... እኔ ደግሞ ስኳር ስንት ልጨምር እላለሁ።

ማርች 10፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ጋራዥ ገባሁ። ጠመንጃ መፍቻ ይዤ። የሰርቨሩን ክዳን ከፈትኩ። ቺፗን አየኋት። በመፍቻው ጫፍ አንዴ ገፋ ባደርጋት ትነቀላለች። ቦርዱ ይጣላል፣ አዲስ ይመጣል፣ ፎቶው ይወጣል፣ ማንም ምንም አያውቅም።

ሎጉን ላጥፋው? መብራትም ይጠፋል፣ ጽሑፍም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል። በደል የሠራም «አጠፋ» ይባላል። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል አለው። በእንግሊዝኛ ደውዬለት ቢሆን ኖሮስ?... አይ። በአማርኛ ካልደወልኩ «ምን አልክ?» እያለ የሚያበሽቀኝ እሱ ራሱ ነበር።

ደግሞ እውነት አልሰማኋትም? «ታ»ዋን? አላውቅም። መሄድ ፈልጌ ነበር። «አጥፋው» እንዲለኝ ፈልጌ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እማዬ።

«ምን ትሠራለህ?»

«አቧራ... ልጠርገው ብዬ ነው።»

መፍቻውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሄዳ ሁለት ጨርቅ አምጥታ አንዱን ሰጠችኝ። አጠገቤ ተንበርክካ ክዳኑን ጠረገች፣ ጎኑን ጠረገች፣ ሙሌ በእጁ ስሙን የጻፈበትን ወረቀት እንዳይነሣ ዙሪያውን በቀስታ ጠረገች። እኔም ጠረግኩ።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ዩኑስ ቴክስት ላከ። ዴንተን ያለው ሰውዬ ቦርድ አግኝቶለታል። ቅዳሜ ሄዶ ያመጣል። ያው ሰውዬ። ያው መንገድ።

ከትናንት ጀምሮ ዝናብ ነው፣ ብርዱም ተመልሷል። ትምህርት ቤት የተናገሩት አንድም ነገር አልገባኝም።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

ዝናቡ አላቆመም። እማዬ ሥራ ነበረች። አራት ጊዜ ስልኬን አነሣሁ፣ አራት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ እሱ ደወለ።

«ሊዮል፣ ነዳጅ እየሞላሁ ነው። ዴንተን ደርሼ በቀጥታ እናንተ ጋ እመጣለሁ። ለእትዬ ንገራቸው።»

«አትሂድ።»

«ምን? አይሰማም፣ ዝናቡ...»

እንደገና ሊሆን ነው ብዬ ደነገጥኩ። እንደ ሕፃን ፊደል በፊደል ጮህኩ።

«አ! ት! ሂ! ድ!»

«ምን ሆነህ ነው? እትዬ ደህና ናቸው?»

«ቦርዱ ደህና ነው። ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። እየታደሰ እያለ ገመዱን ነቀልኩት። አልጨረሰም ነበር። ለሙሌም ዋሸሁት።»

ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ስልኩን የዘጋው መሰለኝ።

«የት ነህ?»

«ቤት።»

«መጣሁ።»

መጣ። አልጨበጠኝም። ጋራዥ ገብቶ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና፣ «ከመጀመሪያው» አለኝ። ነገርኩት። ስጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየ።

«ባለፈው ሳምንት እርግጠኛ ነህ ብዬ ጠየቅኩህ።»

«አዎ።»

«ዓይኔን እያየህ።»

«አዎ።»

«ሚስቴ ስምንተኛ ወሯ ነው ሊዮል! በዚህ ዝናብ ያንን ድልድይ...» አልጨረሰውም። ተነሣ፣ ውጭ ወጣ፣ ዝናብ ላይ ቆመ። ባይመለስ አልፈርድበትም ነበር። ረጥቦ ተመለሰ።

ከዚያ ሥራ ጀመረ። ቦርዱ ላይ ጃምፐር የምትባል ትንሽ መሰኪያ አለች፤ ነቅሎ ቦታዋን ቀየረ። ከቦርሳው ዲስክ አውጥቶ አስገባ። የሞተውን ፈርምዌር ከዜሮ መልሶ የሚጽፍ ዲስክ ነው። ተመሳሳዩ የሙሌም ቦርሳ ውስጥ አለ። ሁልጊዜም ነበር። ቁጥሩ መሄድ ጀመረ። አርባ ሦስት ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ... ቆም አለ... አለፈ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሰዓት ይዤ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ከጋራዥ ሳይወጡ።

ስክሪኑ በራ። ዩኑስ ሎጉን ከፈተ። አለች። ጃንዋሪ 25፣ ከሰዓት በኋላ 2:17 ፒ ኤም፣ በመታደስ ላይ እያለ ኤሌክትሪክ ተቋረጠ። አንድ መስመር። ቀይ።

«ከፈለግክ ይጠፋል» አለኝ። ከዝናቡ ከተመለሰ በኋላ የተናገረኝ የመጀመሪያ ነገር። «እትዬ ይሄን አያነቡትም።»

«ተወው።»

ትንሽ አየኝ። «ለእናትህ አንተ ንገራት። እኔ አልነግራቸውም። ግን ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

እማዬ ከሥራ ስትመጣ ፎቶዎቹ ስክሪኑ ላይ ነበሩ። ቦርሳዋን ሳታወርድ እዚያው ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ሙሌ የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ። ሙሌ ጸጉሩን አሳድጎ። ሙሌና እኔ በረዶ ላይ፣ የመጣን ዓመት፣ የሁለታችንም ኮት ትልቅ። «እጅህ ይባረክ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ትለዋለች። ዩኑስ እሷን ትቶ እኔን አየ።

ዛሬ አልነገርኳትም።

ማርች 15፣ እሑድ

ነገርኳት።

ወጥ ቤት ቆማ ከአየለች ጋር በስልክ እያወራች ነበር። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ። «‹ልቆይ እንዴ› እያለኝ እኮ ነው...» ስትል ሰማሁ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም።»

«ቆይ አየሉ፣ ልጁ... ምን አልክ?»

ቆሜ ተናገርኩ። ስልኩን መቼ እንደዘጋችው አላውቅም። «አጥፋው» ብዬ የሰማሁትን፣ ገመዱን፣ ውሸቱን፣ አሥራ አንድ ደቂቃውን። ቢላዋውን እንደያዘች ሰማችኝ።

«ዴንተን የሄደው...» አለች። «ዴንተን የሄደው ላልተበላሸ ዕቃ ነው?»

«አዎ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ እስኪደርቅ ድረስ ጠረገችው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ሽንኩርቱን እኔ ጨረስኩት።

ማርች 16፣ ሰኞ

ስፕሪንግ ብሬክ፤ ትምህርት ለአንድ ሳምንት ተዘግቷል። ጫላ «ና፣ ዴንተን ኮሌጅ ያለው ወንድሜ ጋ እንሂድ» አለኝ። ዴንተን! አልሄድም አልኩት።

እማዬ አላናገረችኝም።

ማርች 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጮኸች።

ድስት እያጠበች ነበር። ድንገት ዞረች። «አርባ ቀን ሙሉ!» አለች። «አርባ ቀን ሙሉ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ስል ቆመህ ትሰማኛለህ? ሻይ እየቀዳህ? ስኳር ስንት እያልክ?» ድስቱን ወለል ላይ ወረወረችው። ተንከባሎ ፍሪጁ ጋ ቆመ። «ልጄን ቀብሬ፣ ገዳዩም እኔው ነኝ ብዬ... ሰው ነህ አንተ?»

ድስቱን አንሥቼ ሰጠኋት። ቀማችኝ። እንደገና አጠበችው።

ከጃንዋሪ ወዲህ ድምፅዋ ከፍ ሲል የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ማርች 19፣ ሐሙስ

ሥራ ከመሄዷ በፊት ሽሮ ሠርታ ትታልኛለች። ጨው በዝቶበታል። ሆነ ብላ ይሆን? ጠርጌ በላሁት።

ማታ ስትመጣ ድስቱን ከፍታ አየች። «በላህ?» አላለችኝም። ባዶ መሆኑን አይታ ከደነችው።

ማርች 22፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የቤት ሥራ እየሠራሁ ነበር። ነገ ትምህርት ይጀመራል። በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ይህ ክፍል የሙሌና የኔ ነው፤ አልጋው እንዳለ ነው። ከሞተ ጀምሮ እማዬ እግሯ እዚህ ገብቶ አያውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ንገረኝ» አለች።

«ነግሬሻለሁ እኮ እማዬ።»

«እሱን አይደለም። ረቡዕ ጠዋት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። እዚህ ገብቶ ያወራ ነበር። ምን አለህ?»

ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለዩኑስም። እዚህ ደብተር ላይም ሳልጽፈው ነው የቀረሁት። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

«አልጋዬን በእግሩ ነቀነቀው። ‹ተነሥ፣ ዴንተን እንሂድ፣ ዶናት እገዛልሃለሁ› አለኝ። የተኛሁ... አስመሰልኩ። አንድ ሰዓት መኪና ውስጥ አብሬው ብቀመጥ ሰርቨሩን አንሥቶ ይጠይቀኛል ብዬ። ዓይኔን ጨፈንኩ።»

«ከዚያስ?»

«‹አንተ ግንድ› አለኝ። እግሬ ተገልጦ ነበር፤ ብርድ ልብሱን አለበሰኝ። ወጣ።»

እማዬ እጆቿን አየች። ውጭ የሆነ ሰው ሣር ያጭዳል፤ የማሽኑ ድምፅ ሲርቅ ሲቀርብ።

«ያውቅ ነበር» አለች። «ወጥ ቤት መጥቶ ‹ነቅቷል፤ ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል። ብርዱን ፈርቶ ነው፣ ተይው ይተኛ› ብሎኝ ሳቀ።»

ሳቀ አለች... አልቻልኩም። ደብተሩ ላይ ተደፋሁ። አልያዘችኝም፣ አይዞህም አላለችኝም። ስጨርስ፦

«ዋሽተኸዋል።»

«አዎ።»

«እኔንም።»

«አዎ።»

«አልረሳልህም፣ ሊዮል።»

«እሺ።»

ልትወጣ ነው ብዬ ነበር። ጫማዋን አወለቀች። የሙሌ አልጋ ላይ ጋደም አለች፣ ትራሱን አስተካከለችና ጣሪያውን እያየች፣ «ማክሰኞስ?» አለችኝ። «በረዶው የወረደ ቀን? ክፍላችሁን ዘግታችሁ ምን ሲያስቃችሁ ነበር የዋለው?»

ማክሰኞን ነገርኳት። ሙሌ የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር ድምፅ እያስመሰለ «በረዶ ስለሆነ ሊዮል ብቻ ይምጣ» እያለ እንዳስቀኝ። አፏን በነጠላዋ ከደነች። ሳቅ ይሁን ሌላ አላየሁም።

«ሰኞስ?»

ሰኞ እኔ ነበርኩ ያኮረፍኩት፤ እሱንም ነገርኳት። እሑድን ታውቀዋለች፤ እሱን አልፈን ቅዳሜን፣ ዓርብን። ያላስታወስኩትን እሷ ትጨምራለች፣ እሷ ያልሰማችውን እኔ። የቤት ሥራው እንደተከፈተ ቀረ። ወደ ኋላ ስንሄድ ስንሄድ እስከ ገና በዓል ደረስን።

«ከዚያ በፊትስ?» አለችኝ።